እብነ በረድና ሰንጠረዡ፤ በልውጥ አለቶች ትምህርት አቀራረብ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ስለ አለቶች የሚሰጠው ትምህርት በጂኦግራፊና በተፈጥሮ ሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ የቆየ ቦታ አለው። አለቶች በሦስት ታላላቅ ምድቦች እንደሚከፈሉ፣ እነዚህም ከቀለጠ ነገር የረጉ፣ ከዝቃጭ የተጠራቀሙ፣ እንዲሁም በሙቀትና በግፊት የተለወጡ መሆናቸውን ያልሰማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሦስቱ ምድቦች በእኩል ዓይን አይታዩም። ስለ መጀመሪያው ምድብ ሲወሳ እሳተ ገሞራ ይነሣል፤ ስለ ሁለተኛው ሲነገር ወንዝ፣ ደለልና የባሕር ወለል ይገለጻሉ። ሦስተኛው፣ ማለትም ልውጥ አለት፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በምዕራፉ መጨረሻ ላይ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዡ የግራ ዐምድ የመጀመሪያው አለት፣ በቀኙ ዐምድ ደግሞ የተለወጠው አለት ይጻፋል፤ በሃ ድንጋይ እብነ በረድ ይሆናል፣ አሸዋ ድንጋይ ኳርትዛይት ይሆናል፣ ሼል ስሌት ይሆናል፣ ግራናይት ናይስ ይሆናል። በሁለቱ ዐምዶች መካከል ያለው ቀስትም «ሙቀትና ግፊት» የሚል ጽሑፍ ይሸከማል። ትምህርቱም በዚሁ ይዘጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሰንጠረዥ መመርመር ነው። ምርመራው በደፈናው እንዳይሆን ከሰንጠረዡ አንድ መሥመር ብቻ ተመርጧል፤ እርሱም እብነ በረድ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማዕድናዊ ይዘቱ ከሌሎቹ ልውጥ አለቶች ይልቅ ቀላል በመሆኑ ለማስተማር የተመቸ ነው። ሁለተኛ፣ ከተማሪው ዓይን የራቀ አይደለም፤ በባንክ ቤት ወለል፣ በቤተ ክርስቲያን ደረጃ፣ በመቃብር ሐውልት ላይ ይታያል። ሦስተኛ፣ ስሙ በየዕለቱ የሚነገር ሆኖ ሳለ ነገሩ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በዚህ አለት ላይ የሚታየው የአቀራረብ ጉድለት በሌሎቹም ላይ ያለ መሆኑን አንባቢ በቀላሉ ሊገምት ይችላል።

1. ለሰንጠረዡ የሚገባው ምስጋና

ሂስ ከማቅረብ በፊት ለሰንጠረዡ የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። ሰንጠረዡ አንድ ታላቅ ሐሳብ በአጭሩ ያስተላልፋል፤ ይኸውም አለት ዘላለማዊ አለመሆኑንና አንዱ አለት ሌላ ሊሆን እንደሚችል ነው። ይህ ሐሳብ በራሱ ወጣት ነው። «ሜታሞርፊክ» የሚለውን ስም በጂኦሎጂ ያስፋፋው ቻርልስ ላይል ሲሆን፣ ቃሉን በታወቀው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1833 ነው። ሰንጠረዡም ይህን ሐሳብ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት፣ ስድሳና ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ለሚያስተምር መምህር በአሥር ደቂቃ እንዲደርስ ያስችላል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ይጥፋ የሚል ሐሳብ እዚህ አይቀርብም። የሚቀርበው ሐሳብ ሰንጠረዡ የትምህርቱ መግቢያ መሆን ሲገባው መደምደሚያ ሆኗል የሚል ነው።

2. ስሙና ነገሩ

እብነ በረድ የሚለው ስም ከግዕዝ የተወረሰ ነው፤ «እብን» ድንጋይ፣ «በረድ» ደግሞ ከሰማይ የሚወርደው በረድ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች የተመለከቱት የድንጋዩን ንጣትና ቅዝቃዜ እንደሆነ ከስሙ ይታያል። ስሙ ውብ ነው፤ ለመልክም ይስማማል። ነገር ግን በመልክ የተሰጠ ስም በመልክ ለሚመስሉት ሁሉ መዳረሱ አይቀርም። በዛሬው አማርኛ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ የወለል ወይም የግድግዳ ድንጋይ ሁሉ እብነ በረድ ይባላል። ግራናይቱም፣ ናይሱም፣ በሲሚንቶ የተያያዘው ቴራዞም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በንግዱ ዓለም የሚታየው ይህ አጠራር በእኛ ቋንቋ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በሌሎች አገሮችም የድንጋይ ነጋዴዎች ሊወለወል የሚችለውን ያልተለወጠ በሃ ድንጋይ ጭምር በእብነ በረድ ስም ይሸጣሉ።

ነጋዴ እንዲህ ቢል አይወቀስም። መጽሐፍ ግን ሌላ ኃላፊነት አለበት። የምድር ሳይንስ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ኅብረት የልውጥ አለቶችን ስያሜ እንዲያጠና ያቋቋመው ንዑስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ መሠረት እብነ በረድ የሚባለው ከይዘቱ ከ50 ከመቶ በላይ ካርቦኔት ማዕድናት የሆነ ልውጥ አለት ነው። ከ95 ከመቶ በላይ ካርቦኔት ከሆነ ንጹሕ እብነ በረድ፣ በ50ና በ95 ከመቶ መካከል ከሆነ ደግሞ ንጹሕ ያልሆነ እብነ በረድ ይባላል። ካርቦኔቱ ከግማሽ በታች ከወረደ አለቱ እብነ በረድ መባሉ ቀርቶ ሌላ ስም ይይዛል። በዚህ ፍቺ ውስጥ ንጣት የለም፤ ውልወላ የለም፤ ውበትም የለም። ያለው ማዕድናዊ ይዘትና የመለወጥ ታሪክ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት በመጽሐፎቻችን ካልተገለጸ ተማሪው ሁለቱን አሳቦች ደባልቆ ይይዛል። እብነ በረድ ከበሃ ድንጋይ እንደሚገኝ በፈተና ላይ በትክክል ይመልሳል፤ ከፈተናው ሲወጣ ግን ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን የግራናይት ወለል እየረገጠ እብነ በረድ ይለዋል። በዓለም የታወቁት የአክሱም ሐውልቶች እንኳ ዘወትር ግራናይት እየተባሉ ሲጠሩ ይሰማል፤ የተጠረቡበት አለት ግን ኔፌሊን ሳየናይት ነው። ኳርትዝ በግራናይት ውስጥ ዋና ማዕድን ሲሆን ኔፌሊን ባለበት አለት ውስጥ ግን አይገኝም። በቅርሶቻችን ስም ላይ የሚታየው ይህ መደበላለቅ የመልክን እንጂ የይዘትን ትምህርት አለመስጠታችን ያመጣው ነው።

3. «ሙቀትና ግፊት» የሚለው ሐረግ

በሰንጠረዡ ቀስት ላይ የሚጻፈው «ሙቀትና ግፊት» የሚለው ሐረግ በብዙ ተማሪ አእምሮ ውስጥ እንደ አንድ ቃል ሆኖ ተቀርጿል። ሁለቱ ነገሮች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቅ የሚመልስ አይገኝም። በእብነ በረድ ላይ ግን ልዩነታቸውን ለማሳየት ከሁሉ የበለጠ ምቹ አጋጣሚ አለ።

በሃ ድንጋይ በምድጃ ሲቃጠል ኖራ እንደሚሆን በአገራችን የታወቀ ነው። የበሃ ድንጋይ ዋና ማዕድን ካልሳይት፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በተራ አየር ግፊት ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በንኖ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ማለትም ያልበረደ ኖራ፣ ይቀራል። 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካልሳይት ቢቃጠል 56 ኪሎ ግራም ኖራ ይገኛል፤ 44 ኪሎ ግራሙ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። እንግዲህ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ቢያነሣ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በሃ ድንጋይ በሙቀት ኖራ የሚሆን ከሆነ በምድር ሆድ ውስጥ ሲግል ስለምን ኖራ ሳይሆን እብነ በረድ ሆነ?

ይህ ጥያቄ በአሥራ ስምንተኛው ምእተ ዓመት ማለቂያ ላይ የሊቃውንት መከራከሪያ ነበር። የኤዲንበርጉ ጄምስ ሃተን በምድር ውስጥ ያለው ሙቀት አለቶችን ይለውጣል ሲል፣ ተቃዋሚዎቹ ይህንኑ የኖራ ምድጃ እያነሡ ይረቱት ነበር። ሃተንም የላዩ ክብደት ጋዙን እንዳይወጣ ያፍነዋል ሲል ይመልስ ነበር። ነገሩን በሙከራ ያረጋገጠው ወዳጁ ሰር ጄምስ ሆል ነው። ሆል ሃተን በሕይወት ሳለ ሙከራውን ለማድረግ አክብሮት ስለያዘው ሃተን እ.ኤ.አ. በ1797 ከሞተ በኋላ ሥራውን ጀመረ። የተፈጨ ኖራ ድንጋይ በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ እየከተተ፣ ጫፉን አጥብቆ እየደፈነ፣ በእቶን አጋለው። ብዙው አፈሙዝ ፈነዳ፤ ያልፈነዳው ግን ዱቄቱ ኖራ ሳይሆን እርስ በርሱ ተያይዞ እብነ በረድን የመሰለ ጠጣር ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ሆል የዚህን ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1805 ለኤዲንበርግ ንጉሣዊ ማኅበር አንብቧል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሙቀቱ የካልሳይቱን ቅንጣቶች ያነቃቃል፤ ትንንሾቹ እየጠፉ ትልልቆቹ እያደጉ ይሄዳሉ፤ የዛጎልና የሌሎች ቅሪተ አካላት ቅርጽም ይደመሰሳል። ግፊቱ ደግሞ ጋዙን አፍኖ ማዕድኑ እንዳይበተን ይጠብቃል። አንዱ ሠራተኛ፣ ሌላው ዘበኛ ነው ለማለት ይቻላል። ንጹሕ በሃ ድንጋይ እብነ በረድ ሲሆን አዲስ ማዕድን አልተፈጠረም፤ ካልሳይት የነበረው ካልሳይት ሆኖ ቀርቷል፤ የተለወጠው የቅንጣቶቹ መጠንና አያያዝ ነው። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር በሰንጠረዡ ግርጌ ማስገባት የሚጠይቀው ቦታ ከሁለት መሥመር አይበልጥም።

4. የጎደለው ዐምድ፤ ማዕድናዊ ይዘት

የሰንጠረዡ ከሁሉ የከፋ ጉድለት የማዕድናት ዐምድ የሌለው መሆኑ ነው። አንዳንድ ጊዜ ቢኖርም «እብነ በረድ፤ ካልሳይት» ተብሎ ብቻ ያልፋል። ይህ አነጋገር ለንጹሑ ዐይነት እውነት ሲሆን ለአብዛኛው ግን ግማሽ እውነት ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ካርቦኔቱ ራሱ ሁለት ዐይነት ነው። ካልሳይት በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 3 ሲሆን ዶሎማይት ከ3.5 እስከ 4 ይደርሳል። ዶሎማይት ከካልሲየም ሌላ ማግኒዥየም አለው፤ በንጹሕ ዶሎማይት ውስጥ ከክብደቱ 22 ከመቶ ገደማ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ነው። በመልክ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ በጥቅም ግን እጅግ ይለያያሉ። ለሲሚንቶ የሚውል ድንጋይ ማግኒዥየም ሲበዛበት ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ቀስ በቀስ እየተነፋ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ በብዙ አገሮች መመዘኛ የማግኒዥየም ኦክሳይዱ መጠን ከ5 ወይም ከ6 ከመቶ እንዳይበልጥ ይጠየቃል። በአንጻሩ አሲዳማ የሆነን የእርሻ መሬት ለማከም የሚበተን የተፈጨ ድንጋይ ማግኒዥየም ቢኖረው ለሰብሉ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ደጋዎቻችን የአፈር አሲዳማነት የገበሬው ችግር በሆነበት ጊዜ የድንጋዩን ይዘት መለየት የጓሮ ዕውቀት ተደርጎ መታየት የለበትም።

በሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያው በሃ ድንጋይ ንጹሕ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። አሸዋ ይኖርበታል፤ ጭቃ ይኖርበታል፤ የብረት ዝገትና የሕያዋን ፍርስራሽም ይኖርበታል። ድንጋዩ ሲለወጥ እነዚህ ባዕድ ነገሮች ዝም ብለው አይቀመጡም። ካርበናዊው ፍርስራሽ ግራፋይት ሆኖ እብነ በረዱን ያጠቁረዋል ወይም ግራጫ ያደርገዋል፤ የብረት ኦክሳይዱ ቀይና ሮዝ ቀለም ይሰጠዋል፤ ጭቃው ማይካ ይሆናል፤ አሸዋው ደግሞ ከካርቦኔቱ ጋር እየተዋሐደ አዳዲስ ማዕድናትን ይወልዳል።

ከነዚህ ውሕደቶች ሁሉ የታወቀው የካልሳይትና የኳርትዝ ውሕደት ነው። ሁለቱ በበቂ ሙቀት ሲገናኙ ወላስቶናይት የተባለ ማዕድን ይፈጠርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። 100 ግራም ካልሳይት ከ60 ግራም ኳርትዝ ጋር ቢዋሐድ 116 ግራም ወላስቶናይትና 44 ግራም ጋዝ ይገኛል፤ የጠጣሩ ይዘትም በሲሶ ያህል ይቀንሳል። የኖርዌዩ ሊቅ ቪክቶር ጎልድሽሚት ይህ ውሕደት በምን ያህል ሙቀትና ግፊት እንደሚካሄድ እ.ኤ.አ. በ1912 በስሌት አሳይቷል። የእርሱ ሐሳብ ታላቅ ነበር፤ ምክንያቱም በአለት ውስጥ የሚታይ ማዕድን የነበረበትን ሙቀት የሚናገር ምስክር ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። የኋላ ሙከራዎች እንዳረጋገጡት በ1000 ባር ግፊትና ጋዙ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሆነበት ሁኔታ ወላስቶናይት ለመፈጠር ከ650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ግፊቱ ሲጨምር የሚፈለገው ሙቀትም ይጨምራል፤ ጋዙ በውሃ ሲቀጥን ግን ሙቀቱ ይቀንሳል።

ካርቦኔቱ ዶሎማይት ሲሆን ታሪኩ ይረዝማል። አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኖርማን ቦወን እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው ጽሑፍ ሲሊካ ያለበት ዶሎማይት ደረጃ በደረጃ ሲግል የሚወልዳቸውን ማዕድናት በቅደም ተከተል ዘርዝሯል፤ ከነዚህም ቀዳሚዎቹ ትሬሞላይት፣ ፎርስተራይት፣ ዳዮፕሳይድ፣ ፔሪክሌዝና ወላስቶናይት ናቸው። ከትሬሞላይት በፊት ታልክ የሚፈጠርበት ደረጃ መኖሩን ደግሞ ቲሊ እ.ኤ.አ. በ1948 ጨምሮበታል። ቅደም ተከተሉ እንደ ግፊቱና እንደ ጋዙ ዐይነት ሊለዋወጥ እንደሚችል ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ቁም ነገሩ ግን አልተለወጠም፤ ታልክ ያለበት እብነ በረድ ከዳዮፕሳይዱ ይልቅ ቀዝቃዛ ስፍራ ነበረ ለማለት ይቻላል። ፎርስተራይት በኋላ ውሃ ሲያገኘው ሰርፔንቲን ይሆንና በአንዳንድ እብነ በረድ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ቀለም ይሰጣል።

እንግዲህ ሰንጠረዡ «በሃ ድንጋይ እብነ በረድ ይሆናል» ሲል ለመለወጥ አንድ ደረጃ ብቻ ያለ አስመስሎታል። እውነተኛው ነገር መሰላል ነው። ተማሪው መሰላሉን በሙሉ እንዲሸመድድ አይጠየቅም፤ መሰላል መኖሩን ግን ማወቅ አለበት። ይህ ካልተነገረው ማዕድን የአለት ጌጥ እንጂ የአለት ታሪክ መዝገብ መሆኑን ሳይረዳ ይቀራል።

5. ስለ ንብብር የሚሰጠው የተሳሳተ ምክንያት

ልውጥ አለቶች ንብብር ያላቸውና ንብብር የሌላቸው ተብለው እንደሚከፈሉ በብዙ ስፍራ ይጻፋል። ሺስትና ናይስ በመጀመሪያው፣ እብነ በረድና ኳርትዛይት በሁለተኛው ይመደባሉ። ክፍፍሉ ለመልክ መግለጫነት ያገለግላል። ችግሩ የሚመጣው ምክንያት ሲሰጥ ነው፤ እብነ በረድ ንብብር ያልያዘው ግፊቱ ከየአቅጣጫው እኩል ስለነበረ ወይም ግፊት ስላላገኘው ነው የሚል ማብራሪያ ይሰጣል።

ይህ ማብራሪያ በማዕድናዊ ይዘት ሲመዘን አይጸናም። ንብብር የሚታየው እንደ ማይካ ያሉ ዝርግ ማዕድናት በአንድ አቅጣጫ ሲደረደሩ ነው። ካልሳይት ዝርግ አይደለም፤ ቅንጣቶቹ በሁሉም ወገን ተመጣጣኝ ናቸው፤ ቢጨፈለቁም ሲግሉ ዳግመኛ ክሪስታል እየሠሩ መጠናቸውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ ንጹሕ እብነ በረድ ብርቱ ባለ አቅጣጫ ግፊት ደርሶበትም ንብብሩን ላያሳይ ይችላል። የኢጣሊያው የካራራ እብነ በረድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር የተከማቸው ይህ በሃ ድንጋይ የአፔኒን ተራሮች ሲታጠፉ አብሮ ተጣጥፏል፣ ተጨፍልቋልም፤ ሆኖም ማይክል አንጄሎ ከ1501 እስከ 1504 እ.ኤ.አ. የዳዊትን ሐውልት የቀረጸው ከዚሁ ወጥ መልክ ካለው ድንጋይ ነው። በተቃራኒው በግሪክ አገር በኢቪያ ደሴት የሚገኘው ቺፖሊኖ የተባለው እብነ በረድ ማይካና ክሎራይት ስላለበት እንደ ሽንኩርት ንብብር ይታይበታል፤ ስሙም ከሽንኩርት የተወሰደ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በማዕድናቸው ነው። መምህሩ ይህን አንድ ምሳሌ ቢያቀርብ ክፍፍሉ ከሽምደዳ ወደ ማስተዋል ይሸጋገራል።

6. ከአገራችን የሚገኙ ምሳሌዎች

በመጻሕፍት ስለ እብነ በረድ የሚሰጠው ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ማዶ ነው። በላይኛው ንዑስ ክፍል ካራራ መጠቀሱ ለክርክሩ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ለተማሪው ግን ከአገሩ መጀመር ይሻላል። በአገራችን የጥንቱ ልውጥ አለት በሰሜን በትግራይ፣ በምዕራብ በወለጋና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በደቡብ በአዶላና በቦረና፣ በምሥራቅ በሐረር አካባቢ ከላዩ አለት ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዳሌቲ እብነ በረድ ለሕንጻ ሥራ ሲቆረጥ የኖረ ነው። የአዲስ አበባ ተማሪ ግን የሚኖረው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ በመሆኑ እብነ በረድን የሚያየው ተጠርቦና ተወልውሎ ከመጣ በኋላ ነው።

በትግራይ ደግሞ ለትምህርት የሚመች ሌላ ሁኔታ አለ። የተንቤን ንብርብር በመባል የሚታወቁት ጥንታውያን ስሌቶችና ካርቦኔቶች የተለወጡት በዝቅተኛ ደረጃ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ድንጋይ በሃ ድንጋይ ይባል ወይስ እብነ በረድ የሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የለውም። ይህ እንደ ጉድለት ሊታይ አይገባም። የምድብ ድንበር በሰው የተሠመረ መሆኑን፣ ተፈጥሮ ግን ቀስ በቀስ እንደምትለወጥ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም። በመቀሌ ዙሪያ ደግሞ የዶለራይት አለት ቀልጦ ሳለ የጁራሲክ ዘመንን በሃ ድንጋይና ሼል ሰንጥቆ ገብቷል። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ዶለራይቱ ጠርዝ ወስዶ በጠርዙ ላይ ያለውን ድንጋይ ራቅ ካለው ጋር እንዲያነጻጽሩ ቢያደርግ ስለ ሙቀት ብዙ ገጽ ከማንበብ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

7. የቋንቋና የፈተና ጉዳይ

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል። በዚህም የተነሣ ተማሪው እብነ በረድን በአማርኛ ከመልክ ጋር ተምሮ በኋላ በእንግሊዝኛ ከይዘት ጋር ያገኘዋል፤ ሁለቱን የሚያገናኝለት ግን የለም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስ ቃላትን ለመተርጐምና ለማደርጀት የደከመው ድካም ለዚህ ዐይነቱ ችግር የታሰበ ነበር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አዲስ ስም መፍጠር አያስፈልግም። እብነ በረድ የሚለው ስም ለልውጡ ካርቦኔት አለት ይጠበቅ፤ በንግድ ላይ ያለው ሁሉ ግን «የሚወለወል ድንጋይ» ይባል። አስፈላጊ ሲሆንም ካልሳይታዊ እብነ በረድ፣ ዶሎማይታዊ እብነ በረድ እያሉ የማዕድኑን ስም መቅጽል ይቻላል።

ፈተናውም ከአቀራረቡ አይለይም። «እብነ በረድ ከየትኛው አለት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ የሚለካው የሰንጠረዡን ትውስታ ነው። በዚህ ፈንታ እንዲህ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች አሉ፤ «ሀ» በሚስማር ይጫራል፣ ቀጭን አሲድ ሲነካው ይንተከተካል፤ «ለ» ብርጭቆን ይጭራል፣ አሲድም አይነካውም፤ የእያንዳንዱ ዋና ማዕድን ምንድን ነው? ከየትኛው አለትስ ተለወጠ? ይህን የሚመልስ ተማሪ እብነ በረድንና ኳርትዛይትን በእርግጥ ያውቃል።

8. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

ማዕድናዊ ይዘትን ማስተማር ቤተ ሙከራ ይጠይቃል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ለመነሻ ያህል ግን የሚያስፈልገው ሚስማር፣ የብርጭቆ ስባሪ፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤና ከድንጋይ ቆራጭ ዘንድ በነጻ የሚገኝ ፍርፋሪ ነው። ካልሳይትም ዶሎማይትም በሚስማር ይጫራሉ፤ ኳርትዝ ግን አይጫርም። የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከተገኘ ካልሳይቱ ወዲያው ይንተከተካል፤ ዶሎማይቱ ካልተፈጨ ወይም አሲዱ ካልሞቀ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የሎሚና የኮምጣጤ ሥራ ዘገም ያለ ቢሆንም በካልሳይት ዱቄት ላይ አረፋው ይታያል። የተወለወለ እብነ በረድ ላይ ሎሚ ሲንጠባጠብ ውልወላው የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግራናይት ግን ይህ አይደርስበትም።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ያስፈልጋሉ። አሲድ ሲቀጠን አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። እንዲሁም የመኪና ባትሪ አሲድ ለዚህ ሙከራ መዋል የለበትም፤ አደገኛ ከመሆኑም ሌላ ሰልፈሪክ አሲድ በካልሳይቱ ላይ የጂፕሰም ልባስ ሠርቶ ንትክታኩን ስለሚያቆመው ውጤቱ ያሳስታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይዘቱ ለተማሪው ዕድሜ ይከብዳል የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሰጥ ቢባል እውነት ይሆን ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያ ደረጃ የመጫርና የአሲድ ሙከራው፣ ቀጥሎ የኖራ ምድጃው ጥያቄና የሆል ሙከራ፣ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ደግሞ የወላስቶናይት ውሕደት ከኬሚስትሪ ትምህርት ጋር ተያይዞ ሊሰጥ ይችላል። የክብደቱ ስሌት ለኬሚስትሪ መምህር እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ከመጽሐፍ ወጥቶ በአገር ድንጋይ ላይ የሚሠራ ምሳሌ ያገኝበታል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው የልውጥ አለቶች ሰንጠረዥ አንድ እውነተኛ ሐሳብ ይዟል፤ ሐሳቡን ግን ከምክንያቱ ለይቶ ያቀርባል። ሙቀትና ግፊትን አንድ አድርጎ የእያንዳንዱን ሥራ ይሰውራል። የማዕድናትን ዐምድ በመተው ተማሪውን ለመልክ ያስረክበዋል። ንብብር ለማጣት የተሳሳተ ምክንያት ይሰጣል። በቋንቋችን ያለውን የስም መደበላለቅም ሳያርመው ያልፋል።

ስለዚህ መጻሕፍት ሲከለሱ አራት ነገሮች እንዲታሰቡ ይመከራል። አንደኛ፣ በሰንጠረዡ ላይ ዋና ዋና ማዕድናትን የሚያሳይ ሦስተኛ ዐምድ ይጨመር። ሁለተኛ፣ የኖራ ምድጃው ጥያቄ ከነመልሱ በአጭሩ ይግባ። ሦስተኛ፣ በየክልሉ የሚገኙ አለቶች በምሳሌነት ይጠቀሱ። አራተኛ፣ የፈተና ጥያቄዎች ከስም ጥንድ ወደ ማዕድን መለየት ይሸጋገሩ። የመጀመሪያው ማሻሻያ አንድ ዐምድ፣ ሁለተኛው አንድ አንቀጽ ከመጨመር የዘለለ ወጪ የለውም፤ ሦስተኛውና አራተኛው ግን የመምህራንን የሥራ ላይ ሥልጠና ስለሚጠይቁ ከወዲሁ ሊታቀዱ ይገባል።

ነገ ከተማሪዎቹ አንዱ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ መርማሪ፣ ሌላው የግብርና ባለሙያ፣ ሌላው የሕንጻ ተቋራጭ ይሆናል። ሦስቱም በእጃቸው የሚይዙት ነጭ ድንጋይ ካልሳይት ይሁን ዶሎማይት፣ እብነ በረድ ይሁን ኳርትዛይት ለይተው ሊያውቁ ይገባል። ይህን ዕውቀት የሚጀምሩት በክፍል ውስጥ በሚስማርና በሎሚ ቢሆን ለአገሪቱ ከሚያስገኘው ጥቅም አንጻር የሚጠይቀው ድካም እጅግ አነስተኛ ነው።